ሙላቱ ሲገባ

ኦክቶበር 1

ትምህርት ተጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ… እናቴ፣ ዩማ፣ ጀርባዋን ስትታመም ነበር ያቆምኩት። አሁን ተሽሏታል። ባባ «ሂጂ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የተቀመጥኩት ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጋር። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ፉራት የምትባል ልጅ ዞር ብላ «አክስቴ፣ ልጅሽን ፍለጋ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ቤት ስደርስ ወንዙ ሞልቶ ውሃው በቦያችን ገብቶ ነበር። ባባ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ አንሥቶ፣ ረጅም ቀሚሱን፣ ዲሽዳሻውን፣ ወገቡ ላይ ሸጉጦ፣ ጭቃው ውስጥ ቆሟል። ባሕሩ ወንዙን ወደ ኋላ ሲገፋው በቀን ሁለቴ ሙላት ይመጣል፣ ሁለቴ ይከፍታል። አያቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እኛ ጋ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ የለም፤ ወንዙ ራሱ ይመጣል።

በጸደይ የተከላቸው የተምር ችግኞች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል። ሃያ ስድስት ናቸው። ከአያቴ ዛፎች ሥር አንድ በአንድ ፈልቅቆ ነው ያወጣቸው፤ አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል። ቅጠላቸውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ጠምቷቸዋል» አለ።

ኦክቶበር 3

ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ። ዩማ ቧንቧውን ቆማ ሰደበችው። ፀጉሬ ገለባ ሆኗል።

ኦክቶበር 8

ሳይንስ። መምህርታችን ሲት ሐውራ አዲስ ናቸው፣ ከሒላ ከተማ ተዛውረው የመጡ። ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም። «ነገ እያንዳንዳችሁ አንድ ድንችና ሁለት ብርጭቆ። ውሃውን ከቤታችሁ። ጨው ከእኔ» አሉ።

የትኛውን ውሃ? ብዬ ልጠይቅ ነበር። እጄ ከዴስኩ አልነሣ አለ።

ዩማን ጠየቅኳት።

«ጣፋጩን የቦቴ ውሃ? ለድንች?» አለች። «ቦቴው በሳምንት አንዴ እየመጣ፣ እኛ ሻይ ለክተን እየጠጣን፣ ድንችሽ ይዋኝበት? ከቧንቧው ቅጂ።»

ቀዳሁ።

ኦክቶበር 9

«እኩል ይሁኑ!» ይላሉ ሲት ሐውራ። «አምስት ሳንቲ ሜትር። በፀጉር ስፋት እንኳ አይበላለጡ።» ከዴስክ ዴስክ ማስመሪያ ይዘው ይዞራሉ። ስድስት ቁራጭ ነው፤ ሦስቱ ተራ ውሃ ውስጥ፣ ሦስቱ ጨው በተጨመረበት።

የኔ ከሁሉም እኩል ነበሩ። ቢላ የለመደ እጅ ነው። ሲት አንሥተው አዩና «የማን ነው ይሄ?» አሉ። ስሜን ሌላ ሰው ነገረልኝ።

ፉራት ውሃ ማምጣት ረስታ ቦቴ ከሚሞላው የትምህርት ቤቱ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ቀዳች። ሌሎቹም ተከትለዋት ቀዱ። ከቤቴ ያመጣሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስማችንን ለጥፈን መስኮቱ ሥር ደረደርናቸው። እስከ ነገ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ኦክቶበር 10

ዛሬ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ።

የሁሉም ልጆች ድንች ተራው ውሃ ውስጥ ጠንክሮ አድሯል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ረዝሟል። ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ጨው ውስጥ ያደረው ላልቶ እንደ ገመድ ይተጣጠፋል። የኔ… ሁለቱም ገመድ።

ሲት ሐውራ በሁለት ጣት አንጠለጠሉት። «ነርጂስ፣ ሁለቱም ውስጥ ጨው ጨምረሻል።»

እርሳሴን ከማስመሪያዬ ጋር አስተካከልኩ።

«አልጨመርሽም?»

አልጨመርኩም ማለት አንድ ቃል ነው። አልወጣም።

ፉራት ከኋላ፦ «አክስቴ ወጥ መስሏት ነው፣ ሲት! ለባልየው ጨው ካልበዛ አይጥመውም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲትም ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። እየሳቁ እንደሆነ ከትከሻቸው አወቅኩ።

ከዚያ አስረዱ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ድንቹ የላላው ጨው ጠጥቶ አይደለም። ሕዋሱን የከበበ ስስ ሽፋን አለ፤ ውሃ ያሳልፋል። ውጭው ጨው ከበዛበት፣ የውስጡ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል። «ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን ይነጠቃል ማለት ነው» አሉ።

ደብተሬ ላይ በቀይ «ይደገም» ብለው ጻፉ።

ኦክቶበር 12፣ ዓርብ

ሁለት ቀን አሰብኩ። እኔ አልጨመርኩም። ታዲያ ማን ጨመረ?

ዩማ ሶላት ላይ ሳለች ከጣፋጩ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ሰረቅኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከሶላቷ ላይ። ሁለተኛው ብርጭቆ ከቧንቧ። ሦስተኛው ወንዙ ሲጎድል ከቦያችን። አራተኛው ሲሞላ፣ ከዚያው ቦይ። ድንቹን ከወጡ ቀነስኩ። ብርጭቆዎቹን ከዶሮዎቹ ቤት ጀርባ ደበቅኳቸው።

ኦክቶበር 13

ጣፋጩ ውሃ፦ ቀጭ አለ።

ቧንቧው፦ ላላ።

ቦዩ ሲጎድል፦ ላላ፣ ግን ትንሽ ይቆማል።

ቦዩ ሲሞላ… ጣቴ ላይ ተጠመጠመ።

ሙላቱ ነው። ዘንድሮ ከላይ የሚወርደው ወንዝ ቀጥኗል፣ ባሕሩ እየገፋ ገባ ብሎ ሰፈራችን አቡል ኸሲብ ሙሉ ያወራል። ቧንቧው ጨው ጨው እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ግን ይህን ያህል? ባሕሩን ጎትቶ ደጃችን የሚያደርሰው ሙላቱ ነው። ባባ ደግሞ የሚከፍተው ሲሞላ ነው። ቢጫው በባሰ ቁጥር «ጠምቷቸዋል» ይላል፣ በባሰ ቁጥር ያጠጣል።

ሃያ ስድስቱም ውሃ ውስጥ ቆመው እየተነጠቁ ነው። የሚያውቅ ደግሞ እኔ ብቻ። ከሰው ሁሉ እኔ?

ኦክቶበር 14

ምሳ ላይ። ሩዝና ዓሣ።

«ባባ…»

«እ?»

«ውሃው…»

«ምን ሆነ ውሃው?»

«ምንም።»

ዩማ፦ «ይቺ ልጅ ቃሏን ትውጠዋለች፤ ለሩዙ ቦታ የሚጠፋው ለዚህ ነው።» ባባ ሳቀ። እኔም ሩዙን ዋጥኩ።

ኦክቶበር 16

ነገርኩት።

ሁለት ቁራጭ በሳህን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጦ ዘንቢል ይጠግናል። «ይሄ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ያደረ ነው፣ ይሄ ከቦያችን…» ድምፄ የትንኝ ነበር። ለራሴ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም።

ሁለቱንም አገላብጦ አየ። ጠንካራውን አፉ ውስጥ ከትቶ አኘከው። «ጥሬ ነው» አለ።

«ባባ…»

«ነርጂስ፣ ድንች ድንች ነው። ተምር ደግሞ አባቴ ጨው ባነጣው መሬት ላይ ያበቀለው ነገር ነው። ተምር ጨው አይፈራም።»

ትልልቆቹ አይፈሩ ይሆናል፤ ትንንሾቹስ? ይህን ብዬዋለሁ? በሆዴ ነው መሰለኝ ያልኩት።

«ሂጂ መጽሐፍሽን አንብቢ» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ሙላቱ መጣ። ዘንቢሉን አስቀምጦ ሊከፍት ሄደ።

ኦክቶበር 18

ባባ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይሄዳል። ከወጣ በኋላ ቦዩ ጋ ወረድኩ። ከፍቶት የሄደውን ሳንቃ አወረድኩ፣ ክፍተቱን እሱ እንደሚያደርገው በጭቃ ደፈንኩ። እጄን በሣር ጠርጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ባባ ቦዩ ዳር ቆሟል። ገበያ የወሰደው ዘንቢል ገና ትከሻው ላይ ነው።

«ማነው ሙላት የከለከለኝ?»

እዚህ ሰው ድንበር ይገፋል፣ ተምር ይሰርቃል፣ ዳኛ ፊት በሐሰት ይምላል። ሙላት የዘጋ ሰው ግን ተሰምቶ አያውቅም። ከኛ በላይ ያለው የጎረቤታችን የአቡ ሰጃድ አትክልት ነው፤ ባለፈው ሳምንት እሱና ባባ ከቦይ ጠረጋ በወጣ ጭቃ ተጨቃጭቀው ነበር።

«እሱ ነው» አለ ባባ።

አይደለም። አይደለም። አይደለም… እዚህ ላይ ስጽፈው እንዴት ይቀላል።

ኦክቶበር 19፣ ዓርብ

ባባና አቡ ሰጃድ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ቦዩ ላይ ተገናኙ። እኔ ምድጃው ጋ ዳቦ ልጋግር ሊጥ ይዣለሁ።

«ዓቡድ፣ ፀሐይ መትቶሃል?» አለው አቡ ሰጃድ ባባን።

«ሳንቃዬ በገዛ እግሩ ወረደ ልትለኝ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተ ስትታመም ያንተን እኔ ስከፍት፣ እኔ ስታመም የኔን አንተ…»

«አዎ! አዘጋጉን ያወቅከው ከዚያ ነው!»

«በአባቴ መቃብር…»

«አባትህን ተዋቸው፣ እሳቸው ሰው ነበሩ! አንተን ሲወልዱ ነው የከሰሩት!»

አቡ ሰጃድ ባባን ትክ ብሎ አየው። ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ነጠላ ጫማው አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ ተመልሶ አላነሣውም።

አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ። ሊጡ ጣቶቼ ላይ ደረቀ።

ኦክቶበር 20

አልተናገርኩም።

ኦክቶበር 23

ባባ ሳንቃውን ከነማቀፊያው ነቅሎ አወጣው። ማንም እንዳይዘጋበት ነው። ጧትና ማታ ቦዩ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ሙላቱን ይጠብቃል። ዩማ ሻይ ትወስድለታለች፤ «ሙሽራ ጠባቂ» ትለዋለች። አይስቅም።

አሁን ውሃው እንዳሻው ይገባል፣ እንዳሻው ይተኛል። ድሮ ቢያንስ የሚዘጋበት ሰዓት ነበረው። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባልነካው ኖሮ ችግኞቹ የዚህን ውሃ ግማሽ ብቻ ነበር የሚጠጡት።

ኦክቶበር 30

ሲት ሐውራ ሌሎቹ ሲወጡ አስቀሩኝ።

«በተከራየሁበት ቤት ሁለት ማሰሮ በሶብላ ነበረኝ» አሉ። «ባጠጣሁት ቁጥር ይጠወልጋል። ትናንት ያንቺ ድንች ትዝ አለኝ። ያን ቀን ያመጣሽው የቧንቧ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ለምን አልነገርሽም። መናገር ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ይመስላቸዋል።

ቀዩን ሰርዘው አሥር ከአሥር ጻፉልኝ። «ከክፍሉ እውነተኛ ነገር ያገኘሽው አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ ያላየሁት» አሉ። ደግ ናቸው። ግን ማርኩን ምን ላድርገው?

«ቤታችሁ አትክልት አለ?»

«አለ።»

«ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

«ነግሬዋለሁ።»

«ስንቴ?»

አንዴ።

ኦክቶበር 31

ደገምኩት። ቦዩ ዳር፣ ምንጣፉ ላይ፣ አጠገቡ ተቀምጬ። በዚህኛው ሰማኝ። ውሃውን አየ። ችግኞቹንም አየ። የሚያምነኝ መሰለኝ።

«ይሁን እንበል» አለ። «አሁን ብዘጋው አቡ ሰጃድ ምን ይላል? ራሱ የዘጋውን በኔ አላከከ ይላል። ሰው በሙሉ ይሥቅብኛል።»

ያን ጊዜ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ ለማለት ያ ነበር ሰዓቱ። አፌን ከፈትኩ። ዩማ ሻይ ይዛ መጣች። አፌን ዘጋሁ።

ኖቬምበር 6

ዛሬ ባባ የመጀመሪያውን ችግኝ መሀል ቅጠል ያዝ አደረገ። ወጣ። ምንም ሳይታገል፣ ከሥሩ ተላቅቆ እጁ ላይ ቀረ። ጫፉ ቡናማ ነው፣ ይሸታል። ሁለተኛውንም ሞከረ። ሦስተኛውንም። ዩማ ከቤት ወጥታ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ቀልድ አጣች።

አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ኖቬምበር 9፣ ዓርብ

ሃያ ስድስቱም።

ባባ በመኮትኮቻ ሲነቅላቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሳላስበው ወጣ። «ሳንቃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። «አንቺ?»

«ጨዉ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። መትቶኝ አያውቅም፣ ግን ዛሬ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። መኮትኮቻውን መሬት ላይ ጣለ፣ ቁጢጥ አለ።

«አቡ ሰጃድን ፊት ለፊቱ አባቱን ሰደብኩ» አለ። «አሥር እርምጃ ላይ ነበርሽ።»

«አዎ።»

«ስለ ድንቹ ነግረሽኛል፤ እሺ፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይሄን ግን…» አልጨረሰውም።

ቆይቶ ደግሞ፣ ከኔ ጋር ሳይሆን ከጉድጓዱ ጋር እንደሚያወራ፦ «ያንቺ ነበሩ። ልጅ ስትወልጂ ያፈራሉ ብዬ ነበር።»

አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። እኛ ቤት ቃል የምውጠው እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ።

ሳንቃውን አምጥቶ መለሰው። ዘግቶ በምስማር መታው።

ኖቬምበር 11

ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤት አልታጠፍኩም። ቀጥ ብዬ አቡ ሰጃድ በር ላይ ደረስኩ። ሁለቴ አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ።

ራሱ ከፈተ። «አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አይደለም፣ አጎቴ። መምጣቴን ባባ አያውቅም። ሳንቃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሙላቱ ጨው ነበረው። ችግኞቹን ላድን ብዬ… ከዚያ እናንተ ስትጣሉ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። የኔ ድምፅ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

ከኋላው ግቢው ይታያል፤ የሎሚ ዛፎቹ አጥንት ሆነዋል፣ የነበረው የሒና ተክል የለም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ኦክቶበር አጋማሽ።»

«ሎሚዎቼ ያኔ አረንጓዴ ነበሩ» አለ። «እኔም በሙላቱ ልክ እያጠጣሁ ነበር። ምነው የኔንም በዘጋሽልኝ፣ ልጄ።»



«ለአባትሽ ይቅር ብዬሃለሁ ልበለው?» አለ፤ ከዚያ ራሱ መለሰ። «አይ። የሳንቃውን ነገር ይቅር ብያለሁ፣ እሱ ባንቺና በኔ መካከል ነው። አባቴን የሰደበውን ግን አንቺ አልዘጋሽውም፣ አንቺ አትከፍቺውም። ይሄ በሱ እግር ነው የሚመጣው።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ሳይቆጣ። ቀስ ብሎ።

ኖቬምበር 13

ለአቡ ሰጃድ ሄጄ እውነቱን መናገሬን ለባባ ነገርኩት። «ምን አለ?» አለ። ሁሉንም፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት። ጫማውን አደረገ። እስከ አቡ ሰጃድ ድንበር ሄደ። ቆመ። ተመለሰ።

ኖቬምበር 18

ፉራት «አክስቴ» አለችኝ፣ ስለ ምን እንደሆነ ረሳሁት። «ነርጂስ ነው ስሜ» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ጮክ ብዬ ኖሯል ያልኩት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይህ ድምፅ ከአንድ ወር በፊት የት ነበር?

ኖቬምበር 24

ከላይ አገር ዘንቧል። ወንዙ ወፍሮ፣ ቀይ ጭቃ ይዞ ወረደ። ጧት ሙላቱ ሲመጣ ከሳንቃው ወዲያ እጄን ነክሬ ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው። እንደገና ቀመስኩ። ጣፋጭ።

ሮጬ ገባሁ። ዛሬ ባባ እርሻውን ትቶ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነው፤ ሰማያዊ ቱታ ሰጥተውታል። ዲሽዳሻ ካልለበሰ ሰውየው ሌላ ሰው ነው። እጅጌው ረዝሞበት ዩማ ትጠቀልልለታለች።

«ባባ፣ ጨዉ ጠፍቷል። ቀምሼዋለሁ። ልክፈተው?»

«ለማን?»

ዩማ እጅጌውን ይዛ ቀረች።

«ለኔ» አልኩ።

አየኝ። የምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወጣ፤ በቦዩ በኩል ሳይሆን በመንገዱ በኩል።

ምስማሩን የነቀልኩት በቢላ ነው፤ መዳፌ ተላጠ። ሳንቃው እርጥብ ሆኖ ከብዶኛል፣ ሦስቴ ተንሸራቶ ወረደብኝ። በአራተኛው ተነሣ። ውሃው ገባ። በአያቴ ዛፎች ሥር አለፈ፤ ከዚያ ባዶዎቹን ጉድጓዶች አንድ በአንድ እየሞላ ሄደ፣ እስከ ሃያ ስድስተኛው።